በከረጢት አፍ የተገኘ ብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐረቡ ምድር በሥራና በስደት ያላችሁ የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ በየቤቱ በሥራ ላይ ሆናችሁ፣ ሌሊት ሁሉ ሲተኛ ስልካችሁን ከፍታችሁ ይህን ትምህርት የምትከታተሉ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ሆይ፤

የዛሬው ትምህርታችን ከዚያው ከስልካችን ይጀምራል። ባለፈው ዐርብ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጉዳይ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ባለጉዳዮቹ ስማቸው ሳይጠራ ለትምህርት እንዲነገር ፈቅደውልናል።

ከጉባኤያችን አንድ ወንድም ትንሽ የሀገር ቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ጀበናውንና የባህል ልብሱን ፎቶ ከነዋጋው በኢንተርኔት ገጹ ላይ አውጥቶ ይሸጣል፤ ገዢዎችም በካርድ ይከፍሉታል። ረቡዕ ማታ ዋጋ የምትጽፍለት እኅት 450 ድርሃም የሚሸጠውን የሐበሻ ቀሚስ 45 ብላ ጻፈችው። አንዲት ዜሮ ቀረች። ሌሊቱን ሊንኩ ከአንዱ የስልክ ቡድን ወደ ሌላው ሲተላለፍ አደረ፤ ከላዩም «ፍጠኑ፣ ሳይነቁ!» የሚል ቃል ተጽፎበት ነበር። እስኪነጋ 23 ቀሚስ ታዘዘ። ብቻዋን አራት ያዘዘችም ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩ እንደ ልማዱ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ስሕተቱ ሲታወቅ 9 ቀሚስ ለገዢዎች ደርሶ ነበር። ባለሱቁ ያልተላኩትን ሰርዞ ገንዘባቸውን መለሰ፤ ለደረሳቸው ግን እየደወለ «ወይ ቀሚሱን መልሱልኝ፣ ወይ ልዩነቱን ክፈሉኝ» ብሎ ለመነ። አራቱ ተመለሱ። አምስቱ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። «ዋጋውን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ገንዘቡን ተቀብለሃል፤ ሕጉ ከእኛ ጋር ነው» የሚል መልስ ተሰጠው።

የአምስቱ ቀሚስ ልዩነት ሲደመር 2,025 ድርሃም ይሆናል። ዋጋውን የጻፈችው እኅት የወር ደመወዝ 1,500 ድርሃም ነው። ዐርብ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥግ ቆማ ስታለቅስ ያገኘናት እርሷን ነው። «የእናቴን የመድኃኒት ገንዘብ ሳልልክ ሁለት ወር ልቀመጥ ነው» አለችን። ቀሚሱን ለብሰው ካስቀደሱት መካከል ስለ እርሷ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያም ከአምስቱ አንዷ መጥታ በቅንነት ጠየቀችን። «እኔ አልሰረቅሁም፤ የተጻፈውን ከፍዬ ገዛሁ። ይህ ኃጢአት ነው ወይስ መብቴ ነው?» ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነውና ዛሬ በእግዚአብሔር ቃል ፊት እናስቀምጠዋለን።

፩. ከግብፅ የተመለሰው ብር

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 42 እና 43 የተጻፈውን እናስብ። በከነዓን ምድር ረኃብ ጸና። የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ወደ ባዕድ ሀገር፣ ወደ ግብፅ ወረዱ። እንደ እኛ ቋንቋቸው ሌላ፣ የሚያናግሯቸውም በአስተርጓሚ ነበር። እህሉን ገዝተው ሲመለሱ በማደሪያው ስፍራ አንዱ ለአህያው ገፈራ ሊሰጥ ከረጢቱን ቢፈታ የከፈለው ብር በከረጢቱ አፍ ተቀምጦ አገኘው። ቤት ሲደርሱ የሁሉም ብር እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። እህሉም በእጃቸው፣ ዋጋውም በእጃቸው!

ልብ እንበል፤ እነርሱ አልሰረቁም። ብሩን ቆጥረው ከፍለዋል። የተሳሳተ ቢኖር ሻጩ ነው ማለት ይችሉ ነበር። የተራቡ ልጆችም በቤት አሉ። ሻጩም የግብፅ ቤተ መንግሥት ነው፤ የአሥር ሰው ብር የማይጎድለው ባለጸጋ። ነገር ግን ሲያዩት ልባቸው ደነገጠ፤ እግዚአብሔር ምን አደረገብን ተባባሉ እንጂ «ዕድላችን ነው» ብለው አልጨፈሩም።

አባታቸው ያዕቆብ ሁለተኛ ሲልካቸው የሰጣቸው ምክር ለዛሬው ጥያቄያችን መልስ አለው። የሀገራቸውን ፍሬ እጅ መንሻ እንዲወስዱ፣ ለአዲሱ እህል ሌላ ብር እንዲይዙ፣ በከረጢታቸው የተገኘውንም ብር ይዘው እንዲመልሱ አዘዛቸው። ምክንያቱንም ሲነግራቸው ምናልባት ተሳስተው ይሆናል አለ (ዘፍ. 43፥12)። ሽማግሌው እህል ያለቀበት፣ ልጁ ስምዖን በግብፅ የታሰረበት፣ ብንያምን ለመልቀቅ የተጨነቀ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ የማያውቀው ሻጭ ስሕተት አሳሰበው።

ልጆቹም ግብፅ በደረሱ ጊዜ እስኪጠየቁ አልጠበቁም። በዮሴፍ ቤት ደጅ ቆመው ነገሩን ለቤቱ አዛዥ ራሳቸው ተናገሩ። እርሱም ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አትፍሩ፣ ብራችሁስ ለእኔ ደርሶኛል፣ ይህን የሰጣችሁ አምላካችሁ ነው የሚል መልስ ሰጣቸው (ዘፍ. 43፥23)። እነሆ ልዩነቱ! ብሩ ያው ብር ነው። ሳይናገሩ ቢይዙት ፍርሃት ነበር፤ ተናግረው ሲፈቀድላቸው በረከት ሆነ።

በእኛ ሱቅም ይህ ሆኗል። ካዘዙት እኅቶች አንዷ ለልጇ ክርስትና ቀሚስ ስትፈልግ የቆየች ናት። ያን ሌሊት ካዘዘች በኋላ ለባለሱቁ «ወንድሜ፣ ዋጋው ተሳስቶ እንዳይሆን፣ እየው» ብላ ጽፋ ተኛች። ስሕተቱ የታወቀው በእርሷ መልእክት ነው። ባለሱቁም የሌሎቹን ሲሰርዝ የእርሷን «እኔ ፈቅጃለሁ» ብሎ በ45 ድርሃም ላከላት። ያ ቀሚስ በሰላም ይለበሳል።

፪. ሕጉስ ምን ይላል?

«ሕጉ ከእኛ ጋር ነው» ስለተባለ ሕጉንም እንይ። በኢንተርኔት ግብይት የተሳሳተ ዋጋ በብዙ ሀገር ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ሁልጊዜ ግን ለገዢ አልተፈረደም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2003 በሲንጋፖር አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ሠራተኛ ሥልጠና ላይ ሳለ ለልምምድ የገባ ቁጥር በስሕተት በእውነተኛው ገጽ ላይ ወጣ። 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚሸጠው ማተሚያ ማሽን 66 ዶላር ተብሎ ታየ። ነገሩን ያወቁ ጓደኛሞች በሌሊት እየተደዋወሉና መልእክት እየተላላኩ ስድስት ሆነው 1,606 ማሽን አዘዙ። በአጠቃላይ 784 ሰዎች 4,086 አዘዙ። ሻጩ አልሰጥም ሲል ስድስቱ ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ መልእክቶቻቸውን አነበበ፤ ስሕተት መሆኑን እያወቁ እንደገዙ አረጋግጦ በ2004 ፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2005 አጸናው። እያወቁ የሌላውን ስሕተት ለማትረፊያ ማድረግ በዚያ ሀገር ችሎት ውል ሊሆን አልቻለም።

በአንጻሩ በ2002 መጀመሪያ በእንግሊዝ ኮዳክ የተባለው የፎቶ ድርጅት 329 ፓውንድ የነበረውን ካሜራ በስሕተት 100 ፓውንድ ብሎ በልዩ ቅናሽ መልክ አወጣው። ለገዢዎችም ትእዛዛቸውን የሚያረጋግጥ ኢሜይል በራሱ ጊዜ ላከላቸው። ድርጅቱ መጀመሪያ እንቢ ቢልም ገዢዎቹ በሕግ ስለጠየቁት በመጨረሻ በ100 ፓውንድ ሰጣቸው። ቅናሹ ሊታመን የሚችል ነበር፤ ማረጋገጫም ተልኮላቸዋል።

ከሁለቱ የምንማረው ይህ ነው። የዓለም ሕግ እንኳ የሚጠይቀው «ከፍለሃልን?» ብቻ አይደለም፤ «ታውቅ ነበርን?» ብሎም ይጠይቃል። በብዙ ቦታ ገጽ ላይ የወጣ ዋጋ የግዙኝ ጥሪ ነው፤ ውሉ የሚጸናው ሻጩ ትእዛዙን ሲቀበል ነው። ስለዚህ ሻጭ ዕቃውን ሳይልክ ስሕተቱን ቢያውቅና ቢሰርዝ፣ ገንዘባችንንም ሙሉ በሙሉ ቢመልስ፣ ብዙ ጊዜ አልበደለንም።

እኛ ግን ከዚህም የጠለቀ ዳኛ አለን። «ፍጠኑ፣ ሳይነቁ» ብሎ የጻፈ እጅ ማወቁን ራሱ መስክሯል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ልባችን ያወቀውን ነገር በደረሰኝ ልንሸፍነው አንችልም። በኦሪት ዘሌዋውያን 25፥14 እግዚአብሔር ሲያዝዝ ለሻጩ ብቻ አልተናገረም፤ ስትሸጡም ስትገዙም አንዱ ሌላውን አይበድል ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቃል አሰረ። ሻጭ በሚዛን እንደሚበድል ገዢም በዝምታ ሊበድል ይችላል። ሲራክም በምዕራፍ 27 መጀመሪያ ላይ በመግዛትና በመሸጥ መካከል ያለውን ኃጢአት በድንጋይ መጋጠሚያ መካከል ከተተከለ ካስማ ጋር አመሳስሎታል።

፫. ልባችን የሚያቀርባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው «እግዚአብሔር ሰጠኝ» የሚለው ነው። ዳዊት በዋሻ ውስጥ ሳለ የሚያሳድደው ሳኦል ብቻውን ገባለት። ሰዎቹም እግዚአብሔር አሳልፎ የሰጠህ ቀን ይህ ነው አሉት (1ኛ ሳሙ. 24)። ዳዊት ግን የልብሱን ዘርፍ ስለቆረጠ እንኳ ልቡ ወቀሰው። የተከፈተ በር ሁሉ ግቡ አያሰኝም። የእግዚአብሔርን ስጦታ ከፈተና የምንለይበት አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ ለባለቤቱ ነግረን ልንቀበለው የምንችለው ነውን?

ሁለተኛው «ድርጅቱ ሀብታም ነው፣ አይጎዳውም» ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በእንግሊዝ በአማዞን ገበያ ላይ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዋጋቸውን የሚያስተካክልላቸው ሶፍትዌር ለአንድ ሰዓት ያህል ተበላሸና ብዙ ሺህ ዕቃዎች በአንድ ፔኒ ወጡ። ገዢዎች ትልቁን ኩባንያ ያገኙት መስሏቸው ነበር። የተጎዱት ግን ብዙዎቹ በቤተሰብ የሚሠሩ ትናንሽ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ለበዓል ያከማቹትን ዕቃ አጥተው ሥራቸውን እስከመዝጋት የተጨነቁ ነበሩባቸው። በእኛም ጉዳይ የባለሱቁ ገንዘብ መስሎን የወሰድነው ከምታለቅስ እኅታችን ደመወዝ ሊቆረጥ ነበር። ከስልኩ ጀርባ ማን እንዳለ አናውቅም። እንደ እኛ የሰው ተቀጣሪ፣ እንደ እኛ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው «እነርሱም በድለውናል» ነው። ይህን ስንሰማ ዝም ብለን አናልፍም፤ እውነት ነውና። ደመወዙ የተያዘበት፣ ለስልክ ካርድ እንኳ የተከለከለ፣ ያልሰበረውን ብርጭቆ የከፈለ በመካከላችን አለ። የሠራተኛ ደመወዝ ሲያዝ ጩኸቱ ወደ ጸባዖት ጆሮ እንደሚደርስ ሐዋርያው ያዕቆብ ተናግሯል (ያዕ. 5፥4)። ነገር ግን ማዳም የያዘችብንን ከባለሱቁ ብንወስድ ዕዳው አይወራረድም፤ የተበደለ አንድ ሰው ይጨመራል እንጂ። ደግሞም «በደመወዝሽ ስሌት ላይ ተሳስቻለሁ፣ ግን አንዴ ፈርመሻል» ብትለን ምን ይሰማናል? ነግ በእኔ ነው!

አራተኛው «ሁሉም አድርጎታል» ነው። የዮሴፍ ወንድሞችም አሥር ነበሩ፤ በየከረጢታቸውም ብር ተገኝቷል። ብዛታቸው ብሩን የእነርሱ አላደረገውም።

እዚህ ላይ ግን ለሌላው ወገንም አንድ ቃል አለን። መጽሐፈ ጦቢት በምዕራፍ 2 እንደሚነግረን ጦቢት ዓይኑ በጠፋ ጊዜ ሚስቱ ሐና በስደት ሀገር ለሰው እየሠራች ታሳድረው ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ የፍየል ግልገል ጨምረው ሰጧት። ጦቢት የግልገሉን ድምፅ ሲሰማ የተሰረቀ እንዳይሆን ብሎ መልሺ አላት። መጠንቀቁ መልካም ነበር፤ እውነቱን ስትነግረው አለማመኑ ግን አሳዘናት፤ በቤታቸውም ጠብ ገባ። ስለዚህ ርካሽ ዕቃ የገዛችውን እኅት ሁሉ በሌብነት አንክሰስ። የምር የበዓል ቅናሽ መስሏት የገዛች አለች፤ እርሷ አልበደለችም። የሚጠየቅባት ሲነገራት የምታደርገው ነው። ቅናሽ መግዛትም ነውር አይደለም። ለፍተን ያገኘናትን ድርሃም አብቃቅቶ መግዛት ጥበብ ነው።

፬. መብትን መጠየቅ ኃጢአት አይደለም

ወገኖቻችን፣ ይህን ስንል የሻጭ ጠበቃ ሆነን አይደለም። ሁለት ዓይነት ሚዛን በከረጢት መያዝን ኦሪት ከልክላለች (ዘዳ. 25፥13-16)። ዛሬም ሁለት ሚዛን አለ። 99 ድርሃም የሚሸጠውን ዕቃ «400 ነበር» ብሎ ጽፎ በላዩ መሥመር የሚስብ፣ አንድ ዋጋ አሳይቶ በመክፈያው ላይ ሌላ የሚጨምር፣ ስሕተቱን አምኖ ሽያጩን የሰረዘ ግን ገንዘቡን የያዘ ሻጭ በድሏል። ተበድለን ዝም ማለት ሁልጊዜ ትሕትና አይሆንም። ቅዱስ ጳውሎስ በጅራፍ ሊገርፉት ሲያዘጋጁት የሮም ዜግነቱን ጠቅሶ መብቱን ጠይቋል (ሐዋ. 22፥25)፤ በሐሰት ሊፈረድበት ሲልም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)።

አባቶቻችን ግብይትን በጥንቃቄ ይፈጽሙ ነበር። አብርሃም በኬብሮን እንግዳና መጻተኛ ሳለ የመቃብር ቦታ ሲገዛ 400 ሰቅል ብር በሀገሩ ሰዎች ፊት መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23)። ነቢዩ ኤርምያስም እርሻ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ ውሉን ጽፎ፣ አትሞ፣ ምስክር አቁሞ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ቅጂ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው (ኤር. 32)። የእኛ የሸክላ ዕቃ ስልካችን ነው። ስለዚህ፤

• ስትገዙ ዋጋው ያለበትን ገጽ ስክሪንሾት አንሡ፤ የትእዛዝ ቁጥሩን፣ የክፍያ መልእክቱንና ደረሰኙን አታጥፉ።

• ሻጭ «ዋጋው ተሳስቷል» ብሎ ቢሰርዝ በትሕትና ግን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ፣ በከፈልሁበት ካርድ፣ በስንት ቀን ይመለሳል? የምትችሉትን ያህል ታገሡ፤ ካልመለሰ ግን ወደ ሕግ መሄድ መብታችሁ ነው።

• በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የ2020 ቁጥር 15 የፌዴራል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አለ። ሻጭ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ እንዲጠግን ወይም እንዲለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ ያዝዛል፤ በሀገሪቱ የተመዘገቡ የኢንተርኔት ሻጮችንም ይመለከታል። ከጥር 2018 ጀምሮ ያለው 5 በመቶ ግብርም በሚታየው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት እንጂ በመጨረሻ ሊጨመርባችሁ አይገባም። አቤቱታ የሚቀርበው ለኢኮኖሚና ቱሪዝም ሚኒስቴር ነው።

• በሳዑዲ ዐረቢያ ላላችሁ፣ በ2019 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ከአንዳንድ የዕቃ ዓይነቶች በቀር ያልተጠቀማችሁበትን ዕቃ ከተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ እንድትመልሱ ይፈቅዳል። በሌላ ቀን ካልተስማማችሁ በቀር ማድረሱ ከ15 ቀን በላይ ቢዘገይ ሰርዛችሁ ገንዘባችሁን መቀበል ትችላላችሁ። የንግድ ሚኒስቴሩ የአቤቱታ ስልክ 1900 ነው።

• በዚያው ሕግ ውስጥ ልብ የሚነካ አንቀጽ አለ። ገዢው ራሱ በስልኩ ሲያዝ ቢሳሳት፣ ለምሳሌ አንድ ሊል 11 ቢጽፍ፣ ፈጥኖ አሳውቆ እንዲታረምለት መጠየቅ ይችላል። ለእኛ ጣት መሳሳት ምሕረት የሰጠ ሕግ ካለ፣ እኛስ ለሌላዋ ጣት እንዴት ምሕረት እንነፍጋለን?

• ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ። እጅግ የረከሰ ዋጋ ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ወጥመድም ይሆናል። በመልእክት የመጣ ሊንክ የካርድ ቁጥር ጠይቆ ቀጥሎ ወደ ስልካችሁ የሚመጣውን ኦቲፒ ንገሩኝ ካላችሁ አትስጡ። ያንን ቁጥር ለማንም የማይሰጥ ሰው የድካሙን ዋጋ ጠበቀ።

፭. ለባለሱቁና ለሻጮች

ለባለሱቁ ወንድማችንም በግል የነገርነውን እዚህ እንድግመው። የሱቁ ትርፍ የአንተ እንደሆነ ኪሳራውም የአንተ ነው። አንዲት ሴት ሌሊት ደክሟት የዘነጋቻትን ዜሮ ከእናቷ መድኃኒት ላይ ማስከፈል ትክክል አይደለም። ዋጋ ሳይወጣ ሁለተኛ ሰው ሊያየው ይገባ ነበር፤ ያንን ሥርዓት ማበጀት ያንተ ድርሻ ነበር። እርሱም ሰምቶናል፤ ገንዘቡ ቢመለስም ባይመለስም ከደመወዟ እንደማይቆርጥ በመስቀሉ ፊት ቃል ገብቷል። እግዚአብሔር ሥራውን ይባርክለት።

፮. አምስቱ ቀሚሶች

እንግዲህ ቃላችን ወደ እናንተ ወደ አምስታችሁ ነው። ስማችሁን አንጠራም፤ ማንም እንዲጠራችሁም አንፈቅድም። ይህን እያነበባችሁ እንደሆነ እናውቃለን።

ኃጢአት ነው ወይ ብላችሁናል። ሳታውቁ የገዛችሁበት ሰዓት ኃጢአት አልነበረም። ባለቤቱ ደውሎ ስሕተት ነው ካላችሁ በኋላ ግን ቀሚሱ በእጃችሁ የተቀመጠ የሰው ንብረት ሆኗል። ኦሪት የወንድምህን የጠፋ በሬ ወይም በግ ብታገኝ አይቼ አላየሁም አትበል፣ መልስለት ትላለች (ዘዳ. 22፥1-3)። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ የለ እናቶቻችን! ቀሚሱን መልሱ፣ 45 ድርሃማችሁን ተቀበሉ። ወይም ብትፈልጉት ልዩነቱን በየወሩ እየከፈላችሁ ያዙት፤ ባለሱቁ ተስማምቷል። የለበሳችሁት ወይም ወደ ሀገር ቤት የላካችሁትም ብትሆኑ መንገድ አለ። መጥታችሁ ንገሩት። ያፈረ ሰው ካለ በእኛ በኩል ይመልስ፤ ማን እንደመለሰ አንናገርም። ዘኬዎስ ከሾላው ላይ ወርዶ አራት እጥፍ ልመልስ ባለ ቀን ለቤቱ መዳን ሆነለት (ሉቃ. 19)። ከእናንተ አራት እጥፍ የጠየቀ የለም።

አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽም። የዮሴፍ ወንድሞች ያን ብር የመለሱ እጆቻቸው ከዓመታት በፊት የገዛ ወንድማቸውን በ20 ብር የሸጡ እጆች ነበሩ (ዘፍ. 37፥28)። በዚያ ቀን ከሁሉ የከፋውን የዋጋ ስሕተት ሠርተው ነበር፤ በሰው ላይ ዋጋ ለጠፉ። ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቢቢሲ ዐረብኛ ባደረገው ምርመራ በኩዌት የቤት ሠራተኞች በስልክ መተግበሪያ ላይ ፎቷቸውና ዋጋቸው ወጥቶ እንደ ዕቃ ሲሸጡ ተጋልጧል። ፎቶዋ ከዋጋ ጋር የታየባት፣ በኤጀንሲ ወንበር ላይ ተቀምጣ በዓይን የተመረጠች፣ «ይህን ያህል ከፍዬብሻለሁ» የተባለች በመካከላችን አለች።

እኅታችን ሆይ፣ ያ ዋጋ ያንቺ አይደለም። የአንቺን ዋጋ የከፈለው ሌላ ነው። በብርና በወርቅ ሳይሆን በክቡር ደሙ እንደተገዛን ሐዋርያው ጴጥሮስ ነግሮናል (1ኛ ጴጥ. 1፥18-19)። ጌታችን ሲገዛን ተታልሎ አልነበረም፤ ድካማችንንና በደላችንን እያወቀ ሙሉውን ከፈለ። እንዲህ ባለ ዋጋ የተገዛን እኛ በ405 ድርሃም ልዩነት እምነታችንን አንሽጥ።

በዚህ ሳምንት ሁላችን አንድ ሥራ እንውሰድ። በስልካችን፣ በመደብር ወይም በአሠሪ ቤት በስሕተት እጃችን የገባ ነገር ካለ ለባለቤቱ እንንገር። ያልተመለሰልን መብት ካለ ደግሞ ደረሰኛችንን ይዘን ያለ ስድብ፣ ያለ ፍርሃት እንጠይቅ። በስልክ ቡድኖቻችን «ፍጠኑ፣ ሳይነቁ» የሚል ቃል ሲመጣ ደግሞ አናስተላልፍ፤ በምትኩ ለባለቤቱ «ወንድሜ፣ ዋጋው ተሳስቶ እንዳይሆን፣ እየው» ብለን እንጻፍለት።

የያዕቆብ አምላክ በሰው ሀገር ከስሕተትም ከበደልም ይጠብቀን። የእናቶቻችንን መድኃኒት፣ የልጆቻችንን ትምህርት ከንጹሕ ላባችን ይባርክልን። ለሀገራችን በሰላም ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።